ለትንሽ ትራክተር የበረዶ መጥረጊያ፦ ብሌድ (መግፊያ ብረት) ልግዛ ወይስ ብሎወር (በረዶ ወርዋሪ)?

ባለ ጠጠሩ መንገድ (ሚኒሶታ) — ጥቅምት 2

ሰላም ለሁላችሁ። ከመንትዮቹ ከተሞች (ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል) ወደ ሰሜን 50 ደቂቃ ያህል ወጣ ብለን፣ አምስት ኤከር መሬት ያለው ቤት ከገዛን ዘንድሮ ሁለተኛ ክረምታችን ነው። አምና በረዶውን የሚጠርግልን ሰው ቀጥረን ነበር። ሰውየው መጥቶ ይጠርጋል፤ ችግሩ የሚመጣው ረፋድ ላይ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት አለባት። ሦስት ጊዜ በአካፋ እያወጣሁ ሸኝቻታለሁ። አንዱን ቀን መኪናዋ መሃል መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ሥራ ቀረች። ያን ቀን ነው ትራክተር ለመግዛት የወሰንኩት።

በበጋ ያገለገለ ትራክተር አገኘሁ። 25 የፈረስ ጉልበት፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ፊት ለፊቱ ሎደር (ማንሻ ክንድ) እና ባኬት (መዛቂያ) ያለው ነው። ከኋላ ፒቲኦ (የሞተሩን ጉልበት ለሌላ መሣሪያ የሚያስተላልፍ ዘንግ) አለው። ካቢን የለውም።

መንገዳችን ከጋራዡ እስከ ካውንቲው አስፋልት 400 ጫማ ይሆናል። ስፋቱ 12 ጫማ ነው። ጋራዡ ደጃፍ ያለው ትንሽ ቦታ ኮንክሪት ነው፤ የቀረው ሁሉ ጠጠር። ወደ አስፋልቱ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል።

ያለኝ ገንዘብ 5,000 ዶላር ነው። አንዱ ባኬቱ ይበቃሃል ይለኛል። ሌላው ሎደሩ ላይ የሚታሰር ፕላው (የፊት መግፊያ ብረት) ግዛ ይላል። ሻጩ ደግሞ ከፊት የሚገጠም ብሎወር ካልገዛህ አይሆንም አለኝ፤ ከነመግጠሚያው ስጠይቀው ካሰብኩት በላይ ሆነ። የኋላ ብሌድና የኋላ ብሎወር የሚባሉም አሉ። ጭንቅላቴ ዞሯል። በእጁ የሠራበት ሰው ይምከረኝ።

---

ከቨርጂኒያ — ጥቅምት 2

እኛ ጋ በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው የሚጥለው። እኔ በባኬት ብቻ ነው የምገፋው፣ ይበቃኛል። ሚኒሶታ ግን ሌላ ዓለም ስለሆነ የእኔን ምክር አትውሰድ። ውይይቱን ለመከታተል ያህል ነው የጻፍኩት።

---

የዴንቨሩ (ኮሎራዶ) — ጥቅምት 2

ወንድሜ፣ ባኬት መዛቂያ እንጂ መጥረጊያ አይደለም። 400 ጫማ በባኬት ስትመላለስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብሃል። ጠጠሩንም ዝቀህ ሣር ላይ ትደፋዋለህ፤ በፀደይ በሬክ (ጥርስ ባለው መቧጠጫ) ስትለቅመው ትኖራለህ።

እኔ ሎደሩ ላይ የሚታሰር 6 ጫማ ተኩል ፕላው አለኝ። ፊት ለፊት እያየሁ ነው የምሠራው። አንገቴን አላጣምም። ከመቀመጫዬ ሆኜ ግራና ቀኝ አዞረዋለሁ። ስትገዛ ግን አንድ ነገር እንዳትረሳ። ከንፈሩ በስፕሪንግ የሚታጠፍ ይሁን። የተደበቀ ድንጋይ ወይም የኮንክሪት ጠርዝ ሲመታ ታጥፎ ያልፋል። የማይታጠፍ ከሆነ ምቱን የሚቀበለው የሎደሩ ክንድ ነው። የሎደር ክንድ የተሠራው ሽቅብ ለማንሳት ነው፤ ከጎን ሲመታ ይጣመማል። ጎረቤቴ ላይ ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ2003 መጋቢት 31.8 ኢንች ጥሎ ነበር፣ በ2021ም 27 ኢንች። እንደዚያ ሲሆን ፕላው አይችለውም፣ አልዋሽህም። በቀረው ጊዜ ግን ፀሐይዋ ራሷ ታግዘናለች።

---

የሐይቁ ዳር እህት (ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ) — ጥቅምት 3

የዴንቨሩ ወንድሜ ያልከው እውነት ነው። ግን እናንተ ጋ በረዶው በሳምንቱ ይቀልጣል። እኛ ጋ ከኦንታሪዮ ሐይቅ እየተነሳ በላይ በላዩ ይጨምራል እንጂ አይቀልጥም። ሚኒሶታም እንደዚያው ነው፤ ኅዳር ላይ የገፋኸው ክምር እስከ መጋቢት እዚያው ነው። ብሌድም ሆነ ፕላው በረዶውን ያንቀሳቅሰዋል እንጂ አያርቀውም። ጥር ላይ ሁለቱም ዳር እንደ ድንጋይ ይደርቅና መንገድህ ከ12 ጫማ ወደ 8 ጫማ ይጠባል። የእኛ ቤት እንደዚያ ሆኖ የነዳጅ ቦቴው አልገባም ብሎ ተመልሷል፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ ይዤ።

ከዚያ ወዲህ ከኋላ የሚገጠም ባለ 5 ጫማ ብሎወር ገዛን። በረዶውን ዋጥ አድርጎ በኩምቢው (በመትፊያ ቱቦው) 20፣ 30 ጫማ ርቀት ላይ ይተፋዋል። ክምር የለም። አዎ፣ ወደኋላ እየነዱ ነው የሚሠሩት፣ አንገት ያማል። እኔ ግን የአንገት ሕመሙን እመርጣለሁ።

---

ባለ ጠጠሩ መንገድ — ጥቅምት 3

እህቴ፣ የጻፍሽው በጣም ነው የገባኝ። የእኛም ቤት በታንከር በሚመጣ ጋዝ ነው የሚሞቀው። እና 25 የፈረስ ጉልበት ብሎወር ይችላል? ሻጩ 6 ጫማ ውሰድ እያለኝ ነው።

---

መካኒኩ (ካልጋሪ) — ጥቅምት 3

6 ጫማ እንዳትወስድ።

25 የሚለው የሞተሩ ጉልበት ነው። ብሎወሩን የሚያዞረው ግን ፒቲኦው ነው፤ በእንዳንተ ዓይነት ትራክተር ፒቲኦ ጋ የሚደርሰው 19 ወይም 20 ነው። መመሪያው መጽሐፍ ላይ አለልህ፣ እየው። በ20 የፒቲኦ ጉልበት 5 ጫማ ብሎወር በደንብ ይሠራል። 6 ጫማውን ግን እርጥብ በረዶ ሲመጣ ሞተሩ ያቃስታል፤ በቀንድ አውጣ ፍጥነት ነው የምትሄደው። 5 ጫማው 60 ኢንች ነው። የትራክተርህን የኋላ ጎማዎች ከውጭ እስከ ውጭ ለካ። 50 ኢንች አካባቢ ከሆነ የጎማህን ዱካ ይሸፍንልሃል። ዱካውን የማይሸፍን መጥረጊያ ምንም አይጠቅምህም፤ በጎማ የረገጥከው በረዶ እዚያው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

የኋላው ፒቲኦ በደቂቃ 540 ጊዜ ነው የሚዞረው። ጋዙን እስከዚያ ምልክት ድረስ ስጠው። ሰው ፍጥነት ለመቀነስ ብሎ ጋዝ ይቀንሳል፤ ያኔ ነው ኩምቢው የሚደፈነው። ጋዙን ሙሉ፣ ጉዞውን ቀስ።

ሺር ቦልት የሚባል ቡሎን አለው። ድንጋይ ወይም የጋዜጣ ጥቅል ሲገባበት ሆን ተብሎ የሚቆረጥ ነው፤ የሚቆረጠው ካምቢዮው እንዳይሰበር ነው። ደጋግሞ ሲቆረጥባቸው ተናደው ጠንካራ ቡሎን የሚያስገቡ ሰዎች ወደ ጋራዤ ይመጣሉ። የ3 ዶላር ቡሎን ፈንታ ካምቢዮ ይዘው ነው የሚመጡት። አምራቹ ያዘዘውን ብቻ ተካ። አሥር ያህል ከነዳዶው በኪስህ ይኑር፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የሚከፈት ሱቅ የለም።

አሁን የምጽፈውን ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብበው። ኩምቢው ሲደፈን እጅህን እንዳታስገባ። ፒቲኦውን አጥፋ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል፣ ሁሉም ነገር መቆሙን በዓይንህ እይ፣ ከዚያ በዱላ አውጣው። ሁለት ጣቶቹን ያጣ ደንበኛ አለኝ። የፒቲኦው ዘንግ መሸፈኛ ፕላስቲክም ከተሰበረ ሳትተካው አትሥራ። ረጅም ጋቢ መሰል ነገርና የተንጠለጠለ ስካርፍ ለብሰህ አትጠጋው።

---

የድሮ ግሬደር ኦፕሬተር (ሴንት ክላውድ፣ ሚኒሶታ) — ጥቅምት 4

ልጄ፣ ሰላም ነህ? እኔ ኢትዮጵያ ሳለሁ አሥራ አንድ ዓመት ግሬደር ነድቻለሁ፣ ጎጃምና ወሎ በጠጠር መንገድ ላይ። እዚህ አገር ከመጣሁም ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሁላችሁም ስለ መሣሪያው ነው የጻፋችሁት። ስለ መንገዱ የጻፈ የለም። እኔ ከመንገዱ ልጀምር።

መጀመሪያ ሥራውን በቁጥር እየው። 400 በ12 ጫማ ማለት ወደ 446 ካሬ ሜትር ነው። 6 ኢንች ከጣለ ወደ 68 ሜትር ኩብ በረዶ ነው። በአገር ቤት ብንለካው አራት ሲኖትራክ ይሞላል። አዲስና ደረቅ ከሆነ ሜትር ኩቡ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ እና ወደ 7 ቶን። እርጥብ ከሆነ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ያን ሁሉ የምትገፋው ራሷ አንድ ቶን ገደማ በምትመዝን ትራክተር ነው። ስለዚህ ከምትገዛው ብረት በፊት የምትቆምበት ጎማ ይቅደም። የጉልበት ጉዳይ አይደለም፤ ጎማው ከተንሸራተተ 25ም ሆነ 50 የፈረስ ጉልበት አንድ ነው።

ከኋላ ጎማዎቹ ላይ ሰንሰለት እሰር። በተለይ ያ ቁልቁለት አለህ። ስትገዛ በሰንሰለቱና በፓራፋንጎው መካከል ክፍተት መኖሩን ለካ፣ አንዳንዱ ትራክተር ላይ ይነካል። ጎማዎቹን ክብደት እንዲጨምሩ በፈሳሽ አስሞላ። ካልሲየም ክሎራይድ የሚሉት ከባድ ነው፣ ግን ቸርኬውን ይበላዋል። ከቀይ ሥር ጭማቂ የሚሠራው አይበላም፣ አይረጋም፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ አራቱም ጎማ እንዲነዳ አድርገህ ውረድ። የትንሽ ትራክተር ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ብቻ ነው። በሁለት ጎማ ከወረድክ የኋላው ይንሸራተትና ቀጥታ አስፋልቱ ላይ ያወርድሃል። ይህን የምነግርህ ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። እግዚአብሔር አውጥቶኝ መኪና አልነበረም።

አሁን ወደ ጠጠሩ። ጠጠር መንገድ ኅዳር ላይ ገና አልረጋም፤ ከሥር ለስላሳ ነው። የፈለግከውን ብሌድ ብታመጣ ይቆፍረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት በረዶዎች አትጥረግ። በመኪናና በትራክተር ረግጠህ አጠንክረው። ይረጋና እንደ አስፋልት ይሆንልሃል። ከዚያ በኋላ በላዩ ላይ ትሠራለህ። እንዲህ ካደረግክ ጠጠርህ ሣር ውስጥ አይገባም። መጥረግ ግድ ከሆነብህ የኋላ ብሌዱን 180 ዲግሪ አዙረው። ጎባጣው ጀርባው ወደፊት ሲሆን መሬቱን አይነክስም፣ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የብረት ቱቦ በርዝመቱ ሰንጥቀው የብሌዱ ከንፈር ላይ የሚሰኩም አሉ፤ እሱም ይሠራል።

ዳሩን አሁኑኑ፣ መሬቱ ሳይረጋ፣ በእንጨት ምልክት አድርግበት። በየ30 ጫማው አንድ። ታኅሣሥ ላይ መዶሻ ይዘህ ብትመጣ አይገባልህም።

ለዚህ ዓመት ከባድ የኋላ ብሌድ 6 ጫማ ግዛ። ቀላሉን አትግዛ፤ ቀላል ብሌድ በደረቀ በረዶ ላይ ይዘላል። 30 ዲግሪ በሰያፍ ስታዞረው 72 ኢንቹ ወደ 62 ኢንች ይወርዳል፣ ያም ዱካህን ይሸፍናል። ርካሽ ነው፣ የሚሰበር ነገር የለውም፣ በጋም ጠጠሩን ትደለድልበታለህ። ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር ግፋ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ዳሩን ከመንገዱ አልፈህ 4፣ 5 ጫማ አርቀው፤ ያኔ እህታችን ያለችው መጥበብ አይደርስብህም። ወደኋላ እየነዳህ የደረቀ ክምር በብሌዱ አትግጭ፤ የኋላ ክንዶቹ ለመጎተት እንጂ ለመግጨት አልተሠሩም።

---

የዴንቨሩ — ጥቅምት 4

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ብሌዱን ገልብጦ መንዳትን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የኋላ ብሌድ ሲጎተት በረዶውን መጀመሪያ የሚረግጠው ጎማው ነው። 10 ኢንች ሲጥል ትራክተሩ ራሱ ይቀረቀራል። የፊት ፕላው መንገዱን ከፊት ይከፍትለታል።

---

የድሮ ግሬደር ኦፕሬተር — ጥቅምት 4

ልክ ነህ ልጄ። መልሱ ደጋግሞ መውጣት ነው። 10 እስኪሞላ አትጠብቅ፤ በየ4 ኢንቹ ውጣ። ደግሞም ፊት ለፊት ባኬት አለው። ፕላው ቢገዛ ባኬቱን ፈትቶ ማስቀመጥ አለበት። ብሌዱ ከኋላ ከሆነ ባኬቱ በቦታው ይቀመጣል። የካውንቲው መኪና አስፋልቱን ጠርጎ ሲያልፍ የመንገድህ አፍ ላይ የሚከምረውን ድንጋይ የመሰለ በረዶ የሚያወጣው ባኬት ብቻ ነው።

---

መካኒኩ — ጥቅምት 4

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ባለ ጠጠሩ፣ ንፋሱ ከየት ነው? በመንገድህ ግራና ቀኝ ምን አለ?

---

ባለ ጠጠሩ መንገድ — ጥቅምት 5

በምሥራቅ በኩል ጥድ ነው። በምዕራብ የጎረቤት የበቆሎ ማሳ ነው፣ አሁን ታጭዷል፣ ሜዳ ነው። አምና በረዶ ባልጣለበት ቀን እንኳ ጠዋት ስነሳ መሃሉ ላይ የጉልበት ያህል ተከምሮ አገኘው ነበር።

---

መካኒኩ — ጥቅምት 5

በቃ፣ ብሎወሩም ያስፈልግሃል። ንፋሱ ከማሳው ጠርጎ ነው የሚያመጣው። በብሌድ በምዕራብ በኩል ግድግዳ ከሠራህ፣ ግድግዳው ራሱ ንፋሱን ይገታና በረዶውን መንገድህ ላይ ያራግፈዋል። ግድግዳው በጨመረ ቁጥር ክምሩም ይጨምራል። እኛ አልበርታ ሜዳ ላይ የተማርነው ይህን ነው። ሁሉንም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጥዱ ግፋ። ያገለገለ ባለ 5 ጫማ የኋላ ብሎወር ደግሞ ፈልግ። ወቅቱ ሳይገባ አሁን ርካሽ ነው። ስታይ ኩሽኔታዎቹን በእጅህ አወዛውዛቸው፣ የካምቢዮውን ዘይት ክፈትና እይ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ተወው። ከሥሩ ያሉትን የብረት ጫማዎች አንድ ኢንች ዝቅ አድርጋቸው፣ ብሎወሩ ከጠጠሩ ከፍ ይላል። ካልሆነ ጠጠር ተኩሶ መስኮት ይሰብራል።

የካናዳዋ ኩቤክ ሰዎች ወደፊት እየነዱ የሚጎትቱት የተገለበጠ ብሎወር አላቸው፣ ፕሮኖቮስትና ኖርማንድ የሚባሉ ኩባንያዎች የሚሠሩት። አንገት ያሳርፋል። ያገለገለ ካገኘህ እየው፤ ግን ከባድ ነው፣ ትራክተርህ ማንሳት መቻሉን አረጋግጥ።

---

የሐይቁ ዳር እህት — ጥቅምት 5

ካቢን ስለሌለህ ንፋሱን አይተህ ኩምቢውን አዙር። ያለዚያ ሁሉም ፊትህ ላይ ይመለሳል። የስኪ መነጽር ግዛ፣ 30 ዶላር ነው፣ ከሁሉም ዕቃ በላይ ታመሰግነዋለህ። ናፍጣውንም የክረምቱን ቅዳ። የበጋው ናፍጣ በብርድ እንደ ሰም ይረጋና ፊልትሮውን ይዘጋዋል።

---

የድሮ ግሬደር ኦፕሬተር — ጥቅምት 6

በረዶውን አስፋልቱን አሻግረህ እንዳትገፋ። ሚኒሶታ ውስጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ከዚያም በላይ አስፋልቱ ላይ የሚቀረው የበረዶ ጓል መኪና ይገለብጣል። የፖስታ ሣጥኑንም ቦታ ለፖስተኞቹ ክፍት ተውላቸው።

ደግሞ «ይህን ያህል አይጥልም» የሚልህን አትስማ። እኔ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው እ.ኤ.አ. የ1991ዱ የሃሎዊን በረዶ የጣለው፣ መንትዮቹ ከተሞች ላይ 28.4 ኢንች። ሦስት ቀን ከቤት አልወጣንም። እ.ኤ.አ. በ2022ና 23 ክረምት ደግሞ በጠቅላላው 90 ኢንች ደረሰ።

---

ባለ ጠጠሩ መንገድ — ኅዳር 24

ወገኖቼ፣ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። 6 ጫማ ከባድ ብሌድ በ1,100 ዶላር ገዛሁ። ያገለገለ ባለ 60 ኢንች የኋላ ብሎወር ከአንድ ገበሬ በ2,300 አገኘሁ፤ የካምቢዮው ዘይት ንጹሕ ነበር። ሰንሰለቱ 480 ሆነ። ጎማዎቹን በቀይ ሥሩ ፈሳሽ ለማስሞላት 500 ከፈልኩ። ምልክቶቹን ከባለቤቴ ጋር አብረን ተከልን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በረዶዎች ጋሼ እንዳሉት ረገጥኳቸው፣ አሁን መንገዱ ረግቶ ድንጋይ ሆኗል።

ትናንት ማታ 7 ኢንች ጣለ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንዴ፣ ሌሊት ዘጠኝ ተኩል ላይ አንዴ በብሌዱ ወጣሁ። ሁለተኛው ዙር 35 ደቂቃ ፈጀብኝ። የመንገዱን አፍ በባኬቱ ከፈትኩት። ቁልቁለቱን በአራት ጎማ ወረድኩ፣ ንቅንቅ አላለችም። ባለቤቴ 11 ሰዓት ላይ ወጣች። ከሆስፒታል ደውላ «በሰዓቱ ደረስኩ» ስትለኝ እንባዬ መጣ። ጋሼ፣ እርስዎን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ዛሬ ከሰዓት በማሳው በኩል የተከመረውን በብሎወሩ ልሞክር ስል፣ አየሩ ሞቅ ብሎ ስለነበር ኩምቢው አራት ጊዜ ተደፈነብኝ። ጋዙ ሙሉ ነው። ምን ላድርግ?

---

መካኒኩ — ኅዳር 24

ኩምቢው ያገለገለ ስለሆነ ውስጡ ዝጓል፣ በረዶው ዝገቱን ይይዛል። ፈትተህ በብረት ብሩሽ አጽዳው፣ ቀለም ቀባው፣ ሲደርቅ ሲሊኮን ስፕሬይ ንፋበት። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ደግመህ ንፋ። እርጥብ በረዶ ላይ የብሎወሩን ሙሉ ስፋት አትጠቀም የሚሉ አሉ፤ እኔ ተቃራኒውን ነው የምልህ፣ አፉን ሙላው። እርጥብ በረዶ ጥቂት በጥቂት ሲገባ ነው ኩምቢው ላይ የሚለጠፈው፤ በብዛት ሲገባ ኋላ ያለው ፊት ያለውን ይገፋዋል። ከተቻለህ ግን ማታ ሲበርድ ጠብቀህ ሥራው።

ዱላ ይዘሃል አይደል?

---

ባለ ጠጠሩ መንገድ — ኅዳር 24

የመጥረጊያ እጀታ ቆርጬ ከመቀመጫው ጎን አስሬዋለሁ። ቁልፉንም አራቱንም ጊዜ ነቅያለሁ።

---

የድሮ ግሬደር ኦፕሬተር — ኅዳር 25

ጎበዝ። ሰንሰለቱን ደግሞ ዛሬ ቀን እንደገና አጥብቀው፤ አዲስ ሰንሰለት ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ ይላላል።